ተረከዙ መሬት ሲነካ

*ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች ስለሚያደርጉት የቁርጭምጭሚት ድጋፍ፦ ምን ይይዛል፣ ምን ይለቃል፣ ከተሠራ በኋላስ ምን ይፈልጋል?*

የጄሶ ክፍሉ ሁሉ ነገሩ ነጭ ነው፤ ወለሉ፣ የበሩ እጀታ፣ የባለሙያው ጫማ ሳይቀር። አዲስ አበባ ካሉት የአካል ተሃድሶ ማዕከላት በአንዱ፣ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ እናቱ ጭን ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እግሩ ባዶውን ነው። ጣቶቹ ወደ መሬት ተቀስረዋል፣ ባቱ ተወጥሯል። የኦርቶፔዲክ ቴክኖሎጂ ባለሙያው ጄሶውን ውሃ ውስጥ ለመንከር አልቸኮለም። በአንድ እጁ የልጁን ጉልበት አጠፍ አድርጎ፣ በሌላው ተረከዙን ከታች አቅፎ ይዞ ይጠብቃል። ልጁ በፈራ ቁጥር እግሩ ይበልጥ ይገተራል፤ በተረጋጋ ቁጥር ይላላል።

«አይዞህ አንበሳዬ፣ እግርህን ልለካህ ብቻ ነው።»

«ዶክተር፣ ያመዋል እንዴ?» ትላለች እናት።

«አያመውም እህቴ። ጄሶው ሲደርቅ ሞቅ ይለዋል እንጂ አያመውም።»

እግሩ ላይ ስስ የጨርቅ ካልሲ ይገባል። ውሃ ሲነካው ወይን ጠጅ ቀለም በሚያወጣ እርሳስ ካልሲው ላይ ምልክት ይደረጋል፤ በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ያሉት አጥንቶች፣ በውስጠኛው በኩል መሀል እግሩ ላይ ጎላ ያለችው አጥንት፣ ከትንሿ ጣት ወደ ኋላ ያለችው ጉብታ። እዚህ ቦታዎች ላይ ከቆዳው ሥር ሥጋ የለም፤ ፕላስቲክ ተጭኖ ከዋለባቸው ያቆስላል። ከፊት በኩል አንድ ቀጭን ላስቲክ ከላይ እስከ ታች ይዘረጋል። ጄሶው ሲጠነክር መቁረጫው በዚያ ላይ ይሄዳል፣ ቆዳውን አይነካም። ከዚያ እርጥቡ የጄሶ ፋሻ ከጣቶቹ ጀምሮ እስከ ጉልበቱ ሥር ይጠመጠማል።

ሥራውን የሚወስኑት ቀጥሎ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ጄሶው እስኪይዝ ድረስ ባለሙያው ተረከዙን ቀጥ አድርጎ፣ መሀል እግሩን ደግፎ፣ ቁርጭምጭሚቱን በፈለገው ማዕዘን ይዞ አይነቃነቅም። እጁ በዚያች ሰዓት የያዘችው ቅርጽ ልጁ ለወራት የሚለብሰው ቅርጽ ነው። ተረከዙ ትንሽ ወደ ውጭ ካመለጠው፣ የሚሠራውም ያመለጠ ተረከዝ የያዘ ድጋፍ ይሆናል።

ይህን ዕቃ ብዙዎቻችን በሩቁ እናውቀዋለን። ታክሲ ውስጥ ወይም ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ከሱሪው ሥር ነጭ ፕላስቲክ ብቅ ያለበት ልጅ አይተናል። ባለሙያዎቹ ኤኤፍኦ ይሉታል፤ ቤተሰቦች «ብሬሱ» ወይም «ፕላስቲኩ»። አንዳንዱ ሰው እግራቸው ቆልመም ብሎ ለሚወለዱ ሕፃናት ከሚደረገው፣ ሁለት ጫማዎች በአንድ ዘንግ ከተያያዙበት ድጋፍ ጋር ያምታታዋል። ያኛው የተቃናው እግር ተመልሶ እንዳይጣመም የሚጠብቅ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ወራት በኋላ በአብዛኛው በእንቅልፍ ሰዓት ይደረጋል። ይሄኛው ግን የቀን ዕቃ ነው። እግር ያቃናል መባሉ ትክክል ቢሆንም ትልቁ ሥራው ሌላ ነው፦ ልጁ ቆሞ ሚዛኑን እንዲጠብቅ መነሻ መስጠት።

የሚታየው እግር ላይ፣ የተነሣው ከአንጎል

ሴሬብራል ፓልሲ በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴና የሰውነት አቋም ችግር ነው። ጉዳቱ ከወሊድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በሕፃንነት ሊደርስ ይችላል። ጊዜ ሳይደርስ መወለድ፣ በምጥ ወቅት መታፈን፣ በወቅቱ ያልታከመ ከባድ የጨቅላ ሕፃናት ቢጫነት፣ ማጅራት ገትር ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። የአንጎሉ ጉዳት ከዚያ ወዲያ አይባባስም። አካሉ ግን ባለበት አይቆይም። አጥንት ይረዝማል፤ ዘወትር የተወጠረ ጡንቻ ግን የአጥንቱን ያህል አይረዝምም። በሦስት ዓመቱ በእጅ ሲገፋ ቀና ይል የነበረ ቁርጭምጭሚት፣ ክትትል ካጣ በዘጠኝ ዓመቱ ቢገፉትም ንቅንቅ ላይል ይችላል።

ስለዚህ ሕመም በስፋት የጻፈው የመጀመሪያው ሐኪም ራሱ እግሩ የተጣመመ ሰው ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ጆን ሊትል በልጅነቱ በታመመው ሕመም ምክንያት ግራ እግሩ ተጣሞ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1836 ጀርመን አገር ሀኖቨር ድረስ ሄዶ፣ ስትሮማየር የተባለው ሐኪም የተረከዙን ጅማት ቆርጦ እግሩን አቀናለት። ሊትል ከዚያ በኋላ ሙያውን ለእንዲህ ዓይነት ልጆች ሰጠ። በ1861 ለለንደን የማዋለድ ሐኪሞች ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ አስቸጋሪ ምጥንና መታፈንን ከልጆች እግር መገተር ጋር አያያዘ፤ ሕመሙም ለብዙ ዘመን «የሊትል በሽታ» ሲባል ኖረ። ኋላ በሥነ ልቦና ስሙ የገነነው ሲግመንድ ፍሮይድ ያኔ የነርቭ ሐኪም ነበርና በ1897 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ከሌላ ጎን አየው። አስቸጋሪው ምጥ ራሱ አንዳንድ ጊዜ በማሕፀን ውስጥ አስቀድሞ የተፈጠረ ችግር ምልክት ሊሆን ይችላል አለ።

ክርክሩ ያረጀ ቢመስልም በየማዕከሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ዛሬም አለ። «ምን አጥፍቼ ነው?» የማትል እናት የለችም ይላሉ ፊዚዮቴራፒስቶች። አንዷ በምጥ ሰዓት ሆስፒታል ዘግይታ መድረሷን፣ ሌላዋ በእርግዝናዋ ወራት የደነገጠችውን፣ ሦስተኛዋ የአያት እርግማን ታነሣለች። የፊዚዮቴራፒስቶቹ መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ጥፋት ፍለጋውን ትተሽ እግሩን እንያዝ። ፀበል የሚሄዱ ቤተሰቦችን አይከለክሉም፤ «ፀበሉም ይቀጥል፣ ቀጠሮውም አይቅር» ይላሉ። የሚያሳስባቸው ሌላ ነገር ነው። የተገተረውን እግር በጉልበት ጎትቶ «ለማላቀቅ» የሚሞክር ወጌሻ ጋ ተወስዶ ሌላ ጉዳት ይዞ የሚመለስ ልጅ አለ። ወጌሻ የወለቀ ሊመልስ ይችላል፤ እዚህ ግን የወለቀ ነገር የለም።

ቆሞ መቆየት ሥራ ነው

ዝም ብሎ የቆመ ሰው ዝም ብሎ አልቆመም። ሰውነቱ ሁልጊዜ ጥቂት ወደፊት፣ ጥቂት ወደ ኋላ ይላል፤ የባቱና የቅልጥሙ ጡንቻዎች ተራ በተራ እየጎተቱ ይመልሱታል። አንበሳ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የሚሄድ ሰው ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ የሚያደርገውን ማስተዋል ነው። ንቅናቄው ትንሽ ከሆነ ቁርጭምጭሚት ብቻውን ይጨርሰዋል። ከበረታ ጉልበትና ዳሌ ይገባሉ። ያም ካልበቃ እግር ይነሣና አንድ እርምጃ ይሰነዘራል። ይህ ሁሉ ሳናስበው የሚያልቅ ነው።

ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ላይ ይህ ቅደም ተከተል ይዛባል። የፊትና የኋላ ጡንቻዎች ተራ መጠበቃቸውን ትተው አብረው ይኮማተራሉ፤ ከታች መጀመር የነበረበት እርማት ከላይ፣ ከጭንና ከወገብ ይጀምራል። ባቱ ተረከዙን ወደ ላይ ስለሚጎትተው ደግሞ ልጁ መሬቱን የሚነካው በእግሩ ጫፍ ብቻ ነው። ሙሉ ሰውነት በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይቆማል። እጆቹን ወደ ላይ ማንሣቱ፣ ጉልበቶቹን ማጋጠሙ፣ ግድግዳ ግድግዳውን መሄዱ የባሕርይ ጉዳይ አይደለም፤ ሁሉም ላለመውደቅ ነው። ብዙዎቹ ሲሄዱ ይፈጥናሉ። ሰውነታቸው ወደፊት እየወደቀ እግራቸው ይከተለዋል።

> «መሮጡንማ ይሮጣል። ያቃተው መቆም ነው።»
> (የአንድ ልጅ እናት)

ይቺ እናት የተናገረችውን አስተማሪዎችም በራሳቸው መንገድ ያውቁታል። የባንዲራ ሰዓት ላይ ሌሎቹ ልጆች ሰልፍ ይዘው ሲቆሙ ይሄ ልጅ ሁለት እርምጃ ወደፊት፣ ሁለት ወደ ጎን ይላል፤ የማያውቅ አስተማሪ ሥርዓት አልባ ነው ብሎ ይቆጣዋል። ሰሌዳ ላይ እንዲጽፍ ሲጠራም ጠመኔውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ሰሌዳውን ይደገፋል። ድጋፉን ካደረገ በኋላ መምህራን አስቀድመው የሚያስተውሉት የአረማመዱን መቃናት ሳይሆን ነፃ የወጣውን ሁለተኛ እጁን ነው።

ምን ይታሰር፣ ምን ይለቀቅ

በጣም አጭሩ ድጋፍ ከቁርጭምጭሚቱ አጥንቶች ጥቂት ከፍ ብሎ ያበቃል፤ ተረከዙ ወደ ጎን ለሚያመልጥበት፣ ባቱ ግን እምብዛም ላልተወጠረ ልጅ ነው። ሌሎቹ እስከ ጉልበት ሥር ይደርሳሉ። ከእነዚህ አንዱ ጭራሽ አይታጠፍም። ሌላው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ማጠፊያ አለው፤ ቅልጥሙ ወደፊት እንዲያዘነብል ይፈቅዳል፣ ጣት ወደ መሬት እንዲቀሰር ግን አይፈቅድም። ጉልበታቸውን አጥፈው እየሰመጡ ለሚሄዱ ልጆች ደግሞ ከፊት በኩል ቅልጥሙን የሚደግፍ ዓይነት አለ። ልጁ ሲረግጥ መሬቱ የሚመልሰው ኃይል በዚያ በኩል አልፎ ጉልበቱን ወደ ኋላ ይገፋውና ቀጥ ያደርገዋል። ቋንጃው አጥሮ ጉልበቱ በእጅ እንኳ የማይዘረጋ ከሆነ ግን ይህኛው አይሠራም።

ምርጫው ላይ ባለሙያዎች ይከራከራሉ፤ መከራከራቸውም ተገቢ ነው። የማይታጠፈው ድጋፍ ተረከዙን መሬት ያስነካል፣ ውስጥ እግሩ በሙሉ እንዲያርፍ ያደርጋል፣ የሚላወሰውን መገጣጠሚያ በአንድ ይቀንሳል። ልጁ ከዚህ በኋላ የሚታገለው ከጉልበቱና ከዳሌው ጋር ብቻ ነው። ነገር ግን ያው ድጋፍ ቁርጭምጭሚቱ ራሱ ሊያደርገው የሚችለውን ጥቂት እርማትም ይወስድበታል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ልጆቹን ድንገት በሚንቀሳቀስ ወለል ላይ አቁሞ ነበር። የማይታጠፈውን ያደረጉት ልጆች የባታቸው ጡንቻ ምላሽ ቀንሶ ተገኘ፤ ቁርጭምጭሚትን የሚለቀውን ዓይነት ሲያደርጉ ግን ጡንቻው ይበልጥ ሥራ ላይ ነበር። በሌላ በኩል እርምጃን በማስረዘምና ተረከዝን አስቀድሞ በማሳረፍ ረገድ የድጋፍ ጥቅም በተደጋጋሚ ታይቷል። ሲራመድ የሚጠቅመው ሲገፋ የሚጎዳው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

«ሁሉንም አስሬ ላቆመው እችላለሁ» ይላል ለዓመታት ከልጆች ጋር የሠራ አንድ ፊዚዮቴራፒስት። «ሐውልትም ይቆማል። ልጁ ግን መዞር፣ ማጎንበስ፣ ኳስ መምታት አለበት።» የእኔም ሚዛን ወደዚህ ያደላል። በጣም የተወጠረውን፣ የሚያመልጠውን ያዝ፤ ልጁ በራሱ ሊያዘው የጀመረውን ልቀቅለት። ይህን ለማወቅ ልጁን አልጋ ላይ አስተኝቶ መለካት አይበቃም። ሲራመድ፣ ሲዞር፣ ከወለል ሲነሣ መታየት አለበት።

> ያዝ የሚባለው የሚያመልጠው ነው። ልጁ በራሱ ሊያዘው የጀመረው ይለቀቅለት።

ወላጆችን ግራ የሚያጋባ ሌላም ነገር አለ። አንዳንዱ ድጋፍ ሲመጣ ጣቱ ወደ ታች ዘቅዘቅ ብሎ፣ ከተረከዙ ሥር ከፍታ ተጨምሮበት ነው። «ቀጥ አድርጉልን ብለን መጥተን ጭራሽ ተረከዝ ያለው ጫማ ሰጡን» ብለው የሚያዝኑ አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ባቱ አጥሮ ሳለ እግሩን በግድ ዘጠና ዲግሪ ቢያደርጉት፣ ተረከዙ የወረደ ይመስላል እንጂ አልወረደም። የሚታጠፈው መሀል እግሩ ነው። ቅስቱ ይደረመሳል፣ የውስጠኛው አጥንት ወደ ውጭ ይወጣል፣ ልጁም በተሰበረ መሀል እግር ላይ ይቆማል። ወይም ጉልበቱ ወደ ኋላ ይቆለመማል። ስለዚህ ባለሙያው ጅማቱ የሚፈቅደውን ማዕዘን ያከብርና ቀሪውን ክፍተት ከሥር ይሞላዋል። በተስተካከለ ድጋፍ የቆመ ልጅ ቅልጥሙ እንደ ግድግዳ ቀጥ አይልም፤ ከአሥር ዲግሪ ትንሽ በለጥ አድርጎ ወደፊት ያዘነብላል። ሚዛን የሚገኘው እዚያ አካባቢ ነው።

ከብረትና ከቆዳ ወደ ፕላስቲክ

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ሙያ ሥሩ ፖሊዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በመናገሻ የተከፈተው የቼሻየር ማዕከል በመጀመሪያ ሲያስጠጋ የነበረው ፖሊዮ ያደከማቸውን ልጆች ነበር። የዚያን ዘመን ድጋፍ ከብረት ዘንግ፣ ከቆዳ ማሰሪያና ከከባድ ቦት ጫማ የሚሠራ ነበር። የፖሊዮ እግር ዝሎ የሚወድቅ ስለሆነ ብረቱ ያቆመዋል። የሴሬብራል ፓልሲ እግር ግን ራሱ ይገፋል፤ ብረቱ ውስጥ ተረከዙ ሾልኮ ይወጣል፣ ቦቱ ተጫምቶ ሳለ ውስጡ በጣት ቆሞ የሚሄድ ልጅ ይኖራል። ከቆዳው ጋር የተጣበቀ፣ የልጁን እግር ቅርጽ የያዘ ነገር ያስፈልግ ነበር።

ያንን ያመጣው ፕላስቲክ ነው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የአካል ተሃድሶ ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ1979 ሲጀምር መጀመሪያ ከገባባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ኮሚቴው ኋላ ያስፋፋው ፖሊፕሮፒሊን የተባለውን ፕላስቲክ የመጠቀም ዘዴ ዛሬ በመቀሌ፣ በደሴ፣ በአርባ ምንጭም ሆነ በመናገሻ ባሉ ወርክሾፖች የታወቀ ነው። ዕቃው ርካሽ ነው፣ እርጥበት አይጎዳውም፣ ሲሞቅ የፈለጉትን ቅርጽ ይይዛል።

ከልጁ እግር የወጣው የጄሶ ቅርፊት ውስጥ የብረት ዘንግ ይቆምና ፈሳሽ ጄሶ ይሞላል። ቅርፊቱ ሲላቀቅ የልጁ እግር በነጭ ጄሶ ተቀርጾ ይወጣል፤ የወይን ጠጅ ምልክቶቹም ወደ እሱ ተላልፈዋል። ባለሙያው በሞረድ ይፍቀዋል፣ በአጥንቶቹ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ጄሶ ይጨምራል፤ እዚያ ላይ የጨመረው ነገር ኋላ ፕላስቲኩ ውስጥ ባዶ ቦታ ሆኖ አጥንቱን ከመነካት ያድነዋል። ቀጥሎ የፕላስቲኩ ሉህ ወደ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ነጩ ሉህ ቀስ በቀስ ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራል። በሙሉ ጥርት ሲል ሁለት ሰዎች ጓንት አድርገው ያወጡትና በጄሶው እግር ላይ ይጥሉታል፤ ጠርዙን በፍጥነት ያጣብቃሉ፣ የቫኩም ፓምፑ አየሩን ሲመጠው ፕላስቲኩ ከጄሶው ጋር ይጣበቃል። ቢዘገዩ ይቀዘቅዛል፣ ቢጎትቱት ይሳሳል። ስስ የሆነ ቦታ ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ከተፈጠረ ድጋፉ በጥቂት ወራት ውስጥ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ሲቀዘቅዝ በመጋዝ ይቆረጣል፣ ጠርዙ ይሞረዳል፣ ማሰሪያዎቹ ይመታሉ።

ከተረከዙ ኋላ ያለች ቀዳዳ

የመለካት ቀን ወላጆች የሚያዩት እግሩ ውስጥ መግባቱን ነው። ባለሙያው የሚያየው ሌላ ነው። አንዳንዶቹ ከተረከዙ ኋላ በኩል ፕላስቲኩን በጣት ጫፍ ልክ ይበሱታል። በቀዳዳዋ የካልሲው ጨርቅ ተጠግቶ ከታየ ተረከዙ ቦታው ላይ ነው። ባዶ ከታየ ልጁ ፕላስቲኩ ውስጥ በጣቱ ቆሟል፣ ድጋፉም ከጌጥ ያለፈ ሥራ የለውም።

ቤት ውስጥ የሚፈጠረው ትልቁ ስህተትም እዚህ ላይ ነው። እናት ወይም ሞግዚት ጠዋት በጥድፊያ መጀመሪያ የምታስረው የላይኛውን፣ የባቱን ማሰሪያ ነው። ትክክለኛው አካሄድ ጉልበቱን አጥፎ፣ ተረከዙን ወደ ኋላ ገፍቶ ማስቀመጥና ቁርጭምጭሚቱ ላይ በአግድም የምታልፈውን ማሰሪያ አስቀድሞ ማጥበቅ ነው። የባቱ ማሰሪያ የመጨረሻው ነው። ይህን ለማሳየት የሚፈጀው ጊዜ አጭር ነው፤ እናትየዋ ራሷ አንድ ጊዜ አውልቃ ሳታስር ከማዕከሉ መውጣት የለባትም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት በትንሽ ሰዓት ይጀመራል፤ ቆዳው ሲለምድ ሰዓቱ ይጨምራል። በየጊዜው አውልቆ ማየት ግድ ነው። ቀይ ምልክት መታየቱ በራሱ አያስደነግጥም። ከግማሽ ሰዓት በኋላም ካልጠፋ፣ ወይም አጥንት ላይ ከሆነ፣ ወይም ውሃ ከቋጠረ ድጋፉ ወልቆ ወደ ወርክሾፑ መመለስ አለበት። ጥጥ ውስጥ ከትቶ ማስቻል አይገባም። የላይኛው ጠርዝም ከጉልበቱ በስተውጭ ካለችው ትንሽ አጥንት በደንብ ዝቅ ማለቱ መታየት አለበት፤ እዚያ ላይ የሚያልፈው ነርቭ ከተጫኑት እግሩን ያደነዝዛል።

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ድጋፉ መራመድ የማይችለውን ልጅ አያራምድም። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት አከፋፈል ልጆቹን እንደ እንቅስቃሴያቸው በአምስት ደረጃ ይመድባል፤ አንዳንዱ ያለ ድጋፍ ደረጃ ይወጣል፣ አንዳንዱ ጭንቅላቱን ለማቆም ይቸገራል። ለኋለኛው ድጋፉ እግሩ እንዳይጣመምና በመቆሚያ ላይ ተደግፎ እንዲቆም ሊረዳው ይችላል። «ይሄን ካደረገ ይሄዳል» ብሎ ተስፋ መሸጥ ግን ነውር ነው፤ ከሁለተኛ ቀጠሮ የሚቀሩ ወላጆች ብዙዎቹ እንዲህ ተስፋ ተሰጥቷቸው የነበሩ ናቸው።

ኮብልስቶን፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሽንት ቤት

መማሪያ መጻሕፍቱ የተጻፉት ወለሉ ለጥ ባለ፣ ሰው ወንበር ላይ በሚቀመጥባቸው አገሮች ነው። የኛ ልጅ ግን በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ምንጣፍ ላይ ይጫወታል፣ ቁጢጥ ብሎ ይጸዳዳል። የማይታጠፍ ድጋፍ ያደረገ ልጅ ቁጢጥ ማለት አይሆንለትም፤ ወደ ኋላ ይወድቃል። በዚህ የተነሣ ትምህርት ቤት ውሎ ሽንት ቤት የማይሄድ፣ ውሃ መጠጣትም የሚፈራ ልጅ እንዳለ እናቶች ይናገራሉ። ማጠፊያ ያለው ድጋፍ ለሚችል ልጅ አንድ መፍትሔ ነው። ለማይችለው የሚያዝበት ብረት ወይም እንጨት ግድግዳው ላይ መምታት ይበቃል። ድጋፉን የሚያዘው ባለሙያ የቤተሰቡን ሽንት ቤት ዓይነት መጠየቅ እንዳለበት አጥብቄ አምናለሁ፤ ከቁርጭምጭሚቱ ማዕዘን ያላነሰ ጥያቄ ነው።

ጫማ የሚወለቅባቸው ቦታዎችም አሉ። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ሲገባ ልጁ ጫማውን ያወልቃል፤ ፕላስቲኩ ብቻውን በተወለወለ ወለል ላይ ያንሸራትታል። አንዳንድ ወርክሾፖች ከሥሩ ስስ ጎማ ይለጥፉበታል። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ጤነኛ ቁርጭምጭሚት ከድንጋዩ ጋር ወደ ጎን ዘንበል ቀና ይላል፤ የታሰረው አይልም፣ ስለዚህ ወጣ ገባው ሁሉ ወደ ጉልበት ይሄዳል። ክረምት ላይ በጭቃ መንገድ ላይ ብሬሱን አውልቀው ልጁን የሚያዝሉት ወላጆች የሚያዝሉት በስንፍና አይደለም።

> የፕላስቲኩ ግማሽ ሥራ ያለው ጫማው ውስጥ ነው።

ጫማ ማግኘት ራሱ አንድ ጉዳይ ነው። የሚያስፈልገው ውስጠኛ ሶሉ የሚወጣ፣ ማሰሪያው እስከ ጣት ድረስ የሚከፈት፣ ሰፋ ያለ፣ ሶሉ የማይጣመም ጫማ ነው። ብሬስ ያለበት እግር ከሌላኛው ስለሚሰፋ ወላጆች የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሁለት ጥንድ ጫማ ይገዛሉ። ሰልባጅ ተራ ላይ የሚፈልጉትን የሚያውቁ እናቶች ብሬሱን በፌስታል ይዘው ይሄዳሉ፤ ልጁን ሳይሆን ብሬሱን ነው የሚያስለኩት። የሰፈር ጫማ ሰፊ ምላሱን ወደ ታች ከፍቶ ማሰሪያ ቢጨምርበት ተራ ሸራ ጫማም ይሆናል። ጫማው ልል ከሆነ ግን ያ ሁሉ የተለካ ማዕዘን ይፈርሳል።

የተሰጠና የተለበሰ

ልጅ ያድጋል፤ ፕላስቲክ አያድግም። ድጋፉ በስድስት ወርም በዓመትም ሊጠበው ይችላል። ጣቶቹ ከጫፉ ሲያልፉ፣ የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ከተዘጋጀለት ጉድጓድ ከፍ ሲል ጊዜው አልቋል። ቤተሰቡ ያኔ ሌላ ጄሶ፣ ሌላ ጉዞ ይጠብቀዋል። ከወረዳ ከተማ ለሚመጣ ሰው ከድጋፉ ዋጋ ይልቅ የሚከብደው መጓጓዣው፣ የአዳር ክፍያው፣ የቀረው የቀን ሥራ ነው። ወርክሾፖቹ ያሉት በትልልቅ ከተሞች ነው፣ ባለሙያዎቹም ጥቂት ናቸው፤ ፕላስቲኩ ከውጭ ስለሚመጣ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ልጆች የሚጠፉት። ለእኔ ትልቁ ቅሬታ የሪፖርቶቹ አቆጣጠር ነው። ስንት ድጋፍ እንደተሰጠ ይጻፋል። ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ እግር ላይ እንዳለ፣ ስንቱ አልጋ ሥር እንደተወረወረ አይጻፍም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 ስታጸድቅ የተቀበለችው ተደራሽ የተሃድሶ አገልግሎት የመስጠት ግዴታን ጭምር ነው። አንድ ጊዜ ሰጥቶ መለየት ያንን ግዴታ አይሞላም።

ክፍተቱን ዘመድ የሚሞላበት ጊዜ አለ። አሜሪካ ያለች አክስት ለራሷ ልጅ የጠበበውን፣ ወይም ተሠርቶ የሚሸጠውን በሻንጣ ትልካለች። ቀለሙ ያምራል፣ ቢራቢሮ ተስሎበታል። ቅን ሐሳብ ነው፤ ግን በሌላ ልጅ ልክ የተሠራ ድጋፍ አጥንት ላይ ያርፋል፣ ማዕዘኑም የዚህ ልጅ አይደለም። አክስት መርዳት ከፈለገች የጉዞውን ገንዘብ ብትልክ፣ ወይም ጥሩ ሰፊ ጫማ ብትገዛ ይሻላል።

ወላጆች ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «እስከ መቼ?» የቁርጥ መልስ የለውም። አንዳንዱ ልጅ ከረጅሙ ወደ አጭሩ ይወርዳል፣ ኋላም ይተወዋል። አንዳንዱ ጅማቱ አጥሮ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፣ ከቀዶ ሕክምናውም በኋላ ድጋፉ ይመለሳል። አንዳንዱ አድጎም አይለየውም።

አሥራ አምስት ዓመት የሆናት አንዲት ተማሪ የራሷን መልስ አግኝታለች። ግራ እግሯ ላይ ብቻ ታደርጋለች። ለትምህርት ቤት መንገድና ለሰልፍ ታስረዋለች፤ ቤት ስትገባ ታወልቀዋለች፣ ግድግዳና ወንበር ትደገፋለች። ለአዲሱ ልኬት ስትመጣ ሁለት ጥያቄ ይዛ ነበር። የላይኛው ጠርዝ ከዩኒፎርሟ ካልሲ በላይ እንዳይታይ ጥቂት ዝቅ እንዲል፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያለችው ማሰሪያ ደግሞ እንድትነሣላት። ባለሙያው ጠርዙን ጥቂት ቆርጦ አለሰለሰው። ማሰሪያዋን ግን አላነሣም፤ ለምን እንደሆነ በቀዳዳዋ በኩል አሳያት፣ አላልቶና አጥብቆ። የማሰሪያዋን ቀለም ወደ ጥቁር እንዲቀይርላት ተስማሙ።